ሳቁና ፍንጩ ሲለያዩ፦ በቤተሰብ የምስጢር አኒሜሽን ውስጥ አስቂኙን አጃቢ የሚያበላሹ ስህተቶች

ከጥቂት ሳምንታት በፊት አንድ ወጣት ለልጆች አኒሜሽን የጻፈውን ድርሰት እንዳነብለት ሰጠኝ። ታሪኩ ደስ ይላል። ከአንድ ቤተ መዘክር ጥንታዊ ነጋሪት ይጠፋል፤ ሁለት ልጆች ሌባውን ሊያገኙ ይነሳሉ፤ የምትናገር ፍየል አስቂኝ አጃቢ ሆና ትከተላቸዋለች። ፍየሏ ትወድቃለች፣ ታስነጥሳለች፣ ትዘፍናለች፣ ያገኘችውን ነጠላ ሁሉ ትበላለች። አንብቤ ስጨርስ እርሳስ አነሳሁና ፍየሏ ያለችበትን መስመር በሙሉ ሰረዝኩ። ከዚያም ድርሰቱን ከመጀመሪያው ደግሜ አነበብኩት። አሥራ አራት ገጽ ጎድሎም ታሪኩ አንድም ቦታ አልተበጠሰም። ልጆቹ ፍንጮቹን ሁሉ አገኙ፤ ሌባውንም ያዙ።

ይህን ስህተት ደጋግሜ አይቼዋለሁ፤ አሁን ግን ትዕግሥቴ አልቋል። በሌላ ዓይነት አስቂኝ ፊልም ውስጥ አንድ ገጸ ባሕርይ ስላሳቀ ብቻ ቦታ ሊኖረው ይችላል። በምስጢር ፊልም ውስጥ ይህ አይበቃም። ምስጢር የሚያይ ልጅ ከመርማሪው ጋር አብሮ ይመረምራል። ገርበብ ያለውን በር፣ የወደቀውን ቁልፍ፣ በጨረፍታ የታየውን ፊት ሁሉ ይይዛል። ለረጅም ጊዜ ያሳያችሁትን ነገር ሁሉ ለምክንያት እንዳሳያችሁት ያምናል፤ ማመኑም ትክክል ነው፤ ውላችሁ ይህ ነውና። ሃያ ደቂቃ ሙሉ ፍየል አሳይታችሁት ፍየሏ ከነጋሪቱ ጋር ምንም ጉዳይ ከሌላት አታልላችሁታል። ልጅ ደግሞ መታለሉን ያውቃል። ምክንያቱን ባያስረዳችሁም "ሰለቸኝ" ብሎ ይነሳል።

እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣውን ዙቶፒያ የተባለ አኒሜሽን ያየ ሰው ፍላሽን አይረሳውም። ፍላሽ በመንጃ ፈቃድና ታርጋ መሥሪያ ቤት የሚሠራ፣ አንዲት ቃል ተናግሮ እስኪጨርስ የሰው ትዕግሥት የሚያልቅበት ስሎዝ የተባለ ዝግተኛ እንስሳ ነው። ትዕይንቱ ለምን ያን ያህል እንደሚያስቅ ግን ጥቂት ሰዎች ብቻ ይጠይቃሉ። ጥንቸሏ ፖሊስ ጁዲ የጠፋውን ነዋሪ እንድታገኝ የተሰጣት 48 ሰዓት ብቻ ነው፤ ካላገኘችው ሥራዋን ትለቃለች። ከፍላሽ የምትፈልገው አንድ የታርጋ ቁጥር አይቶ እንዲነግራት ነው። አብሯት ያለው ቀበሮ ኒክ ደግሞ ሆን ብሎ ለፍላሽ ቀልድ ይጀምርለታል። ሲገቡ ቀን ነበር፤ ሲወጡ ጨልሟል። እያንዳንዱ ሳቅ ከ48ቱ ሰዓት ላይ ተቀንሷል፤ ፍንጩም ተገኝቷል። ያን ትዕይንት ብትሰርዙት ታርጋው አይታወቅም፣ መኪናውም አይገኝም፤ ፊልሙ እዚያው ይቆማል።

ከዚያ በፊት ያለው ማሳደድ ከዚህም ይበልጥብኛል። ጁዲ አንድ ኮሳሳ ሌባ ታባርራለች። ሌባው የትናንሽ እንስሳት ሰፈር ገብቶ ቤቶቹን እያንገዳገደ ይሮጣል። በመጨረሻም ትልቅ የዶናት ቅርጽ ተንከባልሎ አንዲት ሚጢጢ ወይዘሪት ሊጨፈልቅ ሲል ጁዲ ታድናታለች። ልጆች በሳቅ ይንከተከታሉ። ሌባው ይዞት የሮጠው፣ የሻገተ ሽንኩርት የሚመስለው የአበባ ሥር ግን የወንጀሉ ሁሉ ቁልፍ ነው። የዳነችው ወይዘሪትም በኋላ ጁዲንና ኒክን በረዷማ ውሃ ውስጥ ሊያስጥል ያዘዘው የአስፈሪው የወንበዴዎች አለቃ ልጅ ሆና ትገኛለች፤ ሕይወታቸውንም ታተርፋለች። ተመልካቹ ሲሥቅ ሁለቱንም አይቷቸዋል፤ ልብ ግን አላላቸውም። የቅኔ ተማሪ ይህ አይጠፋውም፤ በኅብር ቅኔ ሰሙም ወርቁም በአንድ ቃል ላይ ያርፋሉ። ሳቁን በአንድ ትዕይንት፣ ፍንጩን በሌላ ትዕይንት የሚያስቀምጥ ጸሐፊ ግማሽ ሥራ ነው የሠራው።

ለወጣቱም የነገርኩት ይህንኑ ነው። ፍየልህ ነጠላ ትበላለች፤ ታዲያ ለምን የሌባውን ነጠላ አትበላም? በስድስተኛው ገጽ ላይ ጥለቱን ስትቀረጥፍ ልጆቹ ይሣቁ። በሠላሳኛው ገጽ ላይ አንድ የተከበረ ሰው ጥለቱ የተቀረጠፈ ነጠላ አጣፍቶ ብቅ ይበል። አንድም ቀልድ መቀነስ አላስፈለገውም።

ሁለተኛውን ስህተት እኔ ራሴ ሠርቼዋለሁ። ከዓመታት በፊት ለአጭር የልጆች አኒሜሽን ንግግር ስጽፍ አንድ ፈሪ አህያ ነበረኝ። አህያው አጥር ሊዘል ሲል ሆዱ እንጨቱ ላይ ይቀራል፤ ወዲያው መርማሪዋ ልጅ "በሩ እኮ የተቆለፈው ከውስጥ ነው" ትላለች። ፊልሙን ለልጆች ባሳየንበት ቀን አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ፤ እኔም ከኋላ ቆሜ ደስታዬን አልቻልኩትም። መጨረሻ ላይ ሌባው የቤቱ ሰው መሆኑ ሲገለጥ ግን ልጆቹ ግራ ተጋብተው እርስ በርሳቸው ተያዩ። የልጅቷን ንግግር አንዳቸውም አልሰሙትም ነበር። ሳቅ ድምፅ አለው፤ ተከትሎት የሚመጣውን ቃል ይውጠዋል። ከዚያ ወዲህ ከትልቅ ቀልድ በኋላ ጥቂት ሰከንዶች ባዶ እተዋለሁ፤ ፍንጭ ማስቀመጥ ካለብኝም በሥዕል እንጂ በንግግር አላስቀምጥም።

መርማሪውን ብልህ ለማስመሰል አጃቢውን ማደንቆርም አለ። ይህ የስንፍና ስህተት ነው፤ ብልህ ሰው መጻፍ ስለሚከብድ አጠገቡ ሞኝ ማቆም ይቀላል። እ.ኤ.አ. በ1986 ዲዝኒ ባወጣው ዘ ግሬት ማውስ ዲቴክቲቭ ውስጥ የመርማሪው አይጥ የባዚል ረዳት ዶክተር ዳውሰን ነው። ዳውሰን ወፍራምና ገራገር ነው፤ ይደናቀፋል፤ መጠጥ ቤት ገብቶ መጠጡ ውስጥ አደንዛዥ ነገር ሲጨመርበት ከዳንሰኞቹ ጋር መድረክ ላይ ይወጣል። እንሥቅበታለን። ነገር ግን ጠላታቸው በወጥመድ ሲያስራቸው ተስፋ ቆርጦ የሚቀመጠው ታላቁ ባዚል ነው። ዳውሰን ይቆጣል፤ እንዲህ ከሆነስ ወጥመዱን ለምን አሁኑኑ አናፈነዳውም ይላል። የመውጫው ዘዴ ለባዚል የታየው ከዚያ ቁጣ ነው። ዳውሰን በድንገት ሊቅ አልሆነም፤ እንደ ጠባዩ በቅንነት ተቆጣ፤ ቁጣው ግን ሁለቱንም አዳናቸው።

እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣውን ኮኮ የተባለ አኒሜሽን ሰዎች የምስጢር ፊልም አይሉትም፤ እኔ ግን እለዋለሁ። ከቤተሰብ ፎቶግራፍ ላይ ፊቱ ተቀድዶ የጠፋው ሰው ማን ነው የሚለው ጥያቄ ፊልሙን ከዳር እስከ ዳር ይዞታል። ዳንቴ የተባለው ውሻ ምላሱን አንጠልጥሎ፣ እግሩ እየተጠላለፈ ዋናውን ገጸ ባሕርይ፣ ልጁን ሚጌልን ይከተለዋል። ሁሉም ቂል ነው ይሉታል። ልጁ ወደ ታዋቂው ዘፋኝ ሲሮጥ ዳንቴ ልብሱን ነክሶ ወደ ጎስቋላው ኤክቶር ይጎትተዋል፤ ሚጌልም ይቆጣዋል። መልሱን ከመጀመሪያው የያዘው ውሻው ነበር። ይህን ፊልም ሁለተኛ ጊዜ ያየሁት ከእህቴ ልጆች ጋር ነው፤ ትንሿ "ውሻው እኮ ሲነግረው ነበር!" ብላ ከመቀመጫዋ ብድግ ስትል ለዚህ ሥራ ያለኝ ፍቅር ታደሰ።

ስለ ፍርሃት። ጀማሪዎች ጭራቁ ፊት ለፊት ቆሞ ቀልድ የሚደረድር አጃቢ ይወዳሉ። አትጻፉት። ትንሽ ልጅ አደጋው ምን ያህል እንደሆነ የሚለካው በመርማሪው ፊት አይደለም፤ መርማሪው ደፋር ነውና ፊቱ ምንም አይነግረውም። የሚያየው የአጃቢውን ፊት ነው። አጃቢው ሲቀልድ ልጁ አደጋ የለም ብሎ ይደመድማል፤ ምስጢሩም ይሞታል። እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ በቴሌቪዥን፣ በኋላም በፊልም የቀጠለው ስኩቢ ዱ ይህን ያህል ዘመን የኖረው ሻጊና ውሻው ስኩቢ ከልባቸው ስለሚፈሩ ነው። ሲሸሹ የተሳሳተ በር ይከፍታሉ፤ የተሳሳተው በር ደግሞ ፍንጩ ያለበት ክፍል ይሆናል። ማጥመጃ እንዲሆኑ ሲለመኑ እምቢ ይላሉ፤ በብስኩት ይባበላሉ፤ ያኔ ወጥመዱ ይሠራል። ፍርሃታቸው ታሪኩን ይገፋል።

በሰው አነጋገር ማሳቅ። እዚህ ላይ ልለሳለስ አልችልም። በእጄ ከገቡት የአማርኛ ድርሰቶች መካከል አጃቢው ከገጠር የመጣ፣ አማርኛው የሚሰባበር ወይም የሚንተባተብ የሆነባቸው ጥቂት አይደሉም፤ ቀልዱም ከዚያ አያልፍም። ያን ፊልም በክፍል ውስጥ የሚያይ አንድ ልጅ ልክ የእናቱን በሚመስል አነጋገር ላይ ሲሣቅ ይሰማል። በማግሥቱ እሱም አፉን አይከፍትም። የገጠር ልጅ አስቂኝ ማድረግ ትችላላችሁ፤ ከተማ ገብቶ ሊፍት ውስጥ ጫማውን ሲያወልቅ ያስቃል። ነገር ግን የእንስሳ ዱካ አይቶ ስንት ሰዓት እንዳለፈው የሚያውቀውም እሱ ነው፤ የከተማዎቹ መርማሪዎች ያለ እሱ አንድ እርምጃ አይራመዱም። እንዲህ አድርጋችሁ ጻፉት።

ዝም ማለት የማይችል አጃቢም አለ። ግሮሚት አፍ እንኳን የለውም። የእንግሊዛዊው የአኒሜሽን ባለሙያ የኒክ ፓርክ ከለስላሳ ጭቃ የተሠራ ውሻ ሐሳቡን ሁሉ የሚናገረው በቅንድቡ ነው፤ መርማሪውም እሱ ነው፤ አፈኛው ጌታው ዋላስ ግን ምንም አያይም። እ.ኤ.አ. በ1993 በወጣው ዘ ሮንግ ትራውዘርስ ውስጥ ያለው ወንጀለኛ ፔንግዊንም አንዲት ቃል አይተነፍስም። ራሱ ላይ ቀይ የላስቲክ ጓንት አጥልቆ ዶሮ ነኝ ይላል፤ ሰዎቹም ያምኑታል። ንግግር ከመጻፋችሁ በፊት ትዕይንቱን ያለ ድምፅ ሥሉት፤ ካላሳቀ ንግግሩ አያድነውም።

"ለወላጆች" የሚባለው ቀልድ ልጆቹን ከውጭ ካስቀረ አውጡት። ዙቶፒያ ውስጥ ግዙፍ ነጫጭ ድቦች የሚፈሩት አለቃ መዳፍ የምታክል ፍጡር ሆኖ ሲወጣ ልጁ በትንሽነቱ ይሥቃል፤ አባቱ ደግሞ የቆየ የማፊያ ፊልም ትዝ ይለዋል። ሥዕሉ አንድ ነው።

ኀዘን ላይ መቀለድን በተመለከተ ያው ዙቶፒያ አንድ ነገር አስተምሮኛል። ክላውሃውዘር የተባለው ወፍራም አቦሸማኔ በፖሊስ ጣቢያው መግቢያ ተቀምጦ ዶናት ሲበላ እንሥቅበታለን። ጁዲ በጋዜጠኞች ፊት ሥጋ በል እንስሳትን የሚያስጠረጥር ንግግር ካደረገች በኋላ ክላውሃውዘር ዕቃውን በካርቶን ሲሰበስብ እናየዋለን። ወደ መዝገብ ቤት፣ ወደ ምድር ቤቱ እየተዛወረ ነው፤ ሰዎች ሲገቡ መጀመሪያ የሚያዩት እንደ እሱ ያለ ሥጋ በል ባይሆን ይሻላል ተብሏል። በዚያ ቅጽበት ቀልድ የለም። ጸሐፊዎቹ አንዲት ዶናት ከኪሱ ጣል ቢያደርጉ አዳራሹ ይሥቅ ነበር፤ የጁዲ ጥፋት ክብደትም አብሮ ይወድቅ ነበር። ያሳቃችሁን ሰው ሲከፋው ማየት ከየትኛውም ጭራቅ በላይ ልጅን ይነካዋል። ይህን ኃይል በርካሽ አትሽጡት።

አጃቢውን በመጨረሻ ጥፋተኛ አድርጋችሁ ተመልካቹን ለማስደንገጥ ካሰባችሁ ሳቁን ራሱን ማስረጃ አድርጉት። ፓርክና ስቲቭ ቦክስ እ.ኤ.አ. በ2005 ስለ ዋላስና ግሮሚት ባወጡት ፊልም አትክልት የሚያወድመው ግዙፍ ጥንቸል ሌላ ማንም ሳይሆን ዋላስ ራሱ ነው። በማሽኑ ስህተት አእምሮው ከአንዲት ትንሽ ጥንቸል ጋር ተደበላልቋል። ያቺ ጥንቸል የዋላስን ንግግር ስትደግም እንሥቃለን፤ ጥፋተኛውም እሷ ናት ብለን እንጠረጥራለን። ግሮሚት ግን ዱካውን ተከትሎ ዋላስ መኝታ ክፍል ይደርሳል። ያለ እንዲህ ዓይነት ዝግጅት በመጨረሻው ገጽ ላይ "ለካ እሱ ነው" ማለት ማጭበርበር ነው።

አንድ ደግሞ የሚረሳ አለ። ብዙ ጸሐፊዎች ሌባው ሊያዝ ሲል ትዕይንቱ ከባድ እንዲሆን ብለው አጃቢውን ከታሪኩ ያወጡታል፤ የት እንደሄደ አይነግሩንም። በዚያ በአህያው ፊልም ላይ እኔም እንዲሁ አድርጌ ነበር። ልጆቹ ስለ ቁልፉ ምንም ባይገባቸውም መብራቱ ሲበራ አንድ ልጅ እጁን አወጣ። ስለ ሌባው የሚጠይቅ መስሎኝ ዕድል ሰጠሁት።

"አህያውስ ከአጥሩ ወረደ?" አለኝ።