የዋሽንግተንን የቼሪ አበባ በጊዜው ለማየት

በዋሽንግተን ዲሲ፣ ታይዳል ቤዚን በተባለው ሰው ሠራሽ ሐይቅ ዙሪያ የሚያብቡትን የቼሪ ዛፎች ለማየት ያሰበ ሰው ቀን ከመቁረጡ በፊት እንቡጡን መከታተል አለበት። በሐይቁ ዳር በብዛት የሚገኘው ዮሺኖ የተባለው ዝርያ ሲሆን፣ ከአበቦቹ 70 በመቶው ሲፈነዱ ፍካቱ ሙሉ ሆነ ይባላል። ይህም አብዛኛውን ጊዜ በማርች መጨረሻና በኤፕሪል መጀመሪያ ላይ ቢውልም፣ በ1990 በማርች 15፣ በ1958 ደግሞ በኤፕሪል 18 የደረሰበት ጊዜ ስላለ በአምናው ቀን መተማመን አያዋጣም። የብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት እንቡጡ የደረሰበትን ደረጃ በየጊዜው ያስታውቃል፤ እንቡጡ አብጦ ነጣ ካለ ሙሉ ፍካቱ ከአራት እስከ ስድስት ቀን ውስጥ ይጠበቃል። ከዚያ በኋላ አየሩ ቀዝቀዝና ረጋ ካለ አበባው ቀናት ይቆያል፣ ንፋስና ዝናብ ከመጣ ግን በአንድ ሌሊት ሊረግፍ ስለሚችል ጉብኝቱን ለሚቀጥለው ቅዳሜ ማሳደር አይመከርም።

ከተቻለ በሥራ ቀን፣ ፀሐይ ስትወጣ መድረስ ይሻላል። በቅዳሜ ቀትር የሚታየው ከአበባው ይልቅ የሰው ጀርባ ነው። የመኪና ማቆሚያ ማግኘት አድካሚ በመሆኑ በከተማው ባቡር በሜትሮ መጥቶ ስሚዝሶኒያን ጣቢያ ወርዶ በእግር መሄድ ይቀላል፤ የሐይቁ ዙሪያ ከሦስት ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነና የጠዋቱ የውኃ ዳር ንፋስ ስለሚበርድ፣ ምቹ ጫማና ጋቢ ወይም ጃኬት ያስፈልጋል። ወቅቱ በአብዛኛው ከዐቢይ ጾም ጋር ስለሚገጥም፣ ለሚጾም ሰው ቆሎ ወይም ዳቦ ቋጥሮ መሄድ ይጠቅማል።

ለእንቁጣጣሽ አደይ አበባ መቅጠፍ የለመደ እጅ እዚህ መታገሥ ይኖርበታል። አበባ መቅጠፍም ሆነ ዛፍ ላይ መውጣት የተከለከለ ነው፤ ልጆችን ቅርንጫፍ ላይ አስቀምጦ ፎቶ ማንሳትም እንዲሁ። በግንዱ ዙሪያ መቆምም አፈሩን ስለሚጠቀጥቅና ሥሩን ስለሚጎዳ፣ ከመንገዱ ሳይወጡ ማየት ተገቢ ነው።

ዮሺኖ ያመለጠው ሰው ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ ወደ ኢስት ፖቶማክ ፓርክ ይሂድ፤ በዚያ ክዋንዛን የተባለው፣ አበባው ባለ ብዙ ድርብርብ የአበባ ቅጠልና ደማቅ ሮዝ የሆነ ዝርያ ያኔ ገና መፍካቱ ነው። መግቢያው ነፃ በሆነው ልዩ ልዩ ዛፎች በሚታዩበት መናፈሻ፣ በብሔራዊ አርቦሬተም ደግሞ በተለያየ ጊዜ የሚያብቡ በርካታ የቼሪ ዝርያዎች አሉ።