የቤዝቦል መግቢያ ዘፈን እንዴት ይመረጣል፣ እንዴትስ ይቆረጣል

ባለፈው ስፕሪንግ የልጄ ኮች ለሁላችንም ወላጆች ቴክስት ላከ፣ እስከ አርብ የልጃችሁን ዎክአፕ ሶንግ ላኩልኝ ይላል። እኔ ኳስ ሲባል እግር ኳስ ብቻ እየመሰለኝ ያደግኩ ሰው ነኝ፣ የምን ሶንግ ነው ብዬ ልጄን ብጠይቀው "ዳዲ ልመታ ስወጣ የሚከፈትልኝ ነዋ" አለኝ፣ አስተያየቱ እንኳን ደህና መጣህ ከገጠር አይነት ነበር። ሜሪላንድም ቨርጂኒያም ሆናችሁ ልጅ ቤዝቦል ካስገባችሁ ይቺ ቴክስት አንድ ቀን ትደርሳችኋለች፣ ስለዚህ እኔ ሁለት ሳምንት የፈጀብኝን እናንተ በአንድ ማታ ጨርሱት።

መጀመሪያ ነገሩ ምን እንደሆነ ይግባችሁ። ቤዝቦል ላይ መቺዎቹ 9 ናቸው፣ በተራ አንድ በአንድ ይወጣሉ። አንዱ ባቱን (መምቻ ዱላውን) ይዞ ወደ ሆም ፕሌት፣ ማለት ቆሞ ወደሚመታበት ቦታ፣ እስኪደርስ ባለችው ክፍተት የሱ ዘፈን ይለቀቃል፣ ሊወረወርለት ሲል ይጠፋል። በቃ። ከጀመሩት ሰዎች አንዷ ተብላ የምትጠቀሰው ናንሲ ፋውስት ናት፣ ከ1970 ጀምሮ ለቺካጎ ዋይት ሶክስ ቡድን ኦርጋን ትጫወት የነበረች፣ ለየተጫዋቹ የሚሄድ ዜማ እየፈለገች ትመታለት ነበር። አሁን ሜጀር ሊግ (ትልቁ የፕሮፌሽናል ሊግ) ላይ ከ2023 ወዲህ ሰዓት ገብቷል፣ አንዱ መቺ ወጥቶ ሌላው እስኪገባ 30 ሰከንድ ነው ያለው፣ ሙዚቃውም ከ10 ሰከንድ እንዳያልፍ ተብሏል። እና ዘፈን ምረጡ ሲሏችሁ 10 ሰከንድ ምረጡ ማለታቸው ነው፣ ይቺን ካልያዛችሁ የቀረው ሁሉ ይበላሻል። እኔ መጀመሪያ የ6 ደቂቃ ዘፈን ነበር የላክሁት፣ ሙሉውን!

ቀጥሎ ምርጫውን ለልጁ ተዉለት። የኛ ሰው እዚህ ጋ ይቸገራል አውቃለሁ፣ እኔም ተቸግሬያለሁ። ግን የዋሺንግተን ናሽናልስ ቡድንን የ2019 ነገር አስታውሱ። ሄራርዶ ፓራ የሚባለው ቬንዙዌላዊ መምታት አቅቶት ሰንብቶ ሰኔ ላይ ዘፈኑን ቀየረ፣ ወደ ምን? የ2 ዓመት ልጁ ቀኑን ሙሉ ስትሰማው ወደምትውለው ቤቢ ሻርክ። ጢማም ሰውዬ በህፃናት ዘፈን ሲወጣ ህዝቡ መጀመሪያ ሳቀ፣ ከዛ ስታዲየሙ በሙሉ ሁለት እጁን እንደ ሻርክ መንጋጋ ወደላይና ወደታች እየከፈተ ማጨብጨብ ጀመረ፣ በጥቅምት መጨረሻ ቡድኑ በፍፃሜው ሂዩስተንን በ7ኛው ጨዋታ አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። በዘፈኑ ነው አልልም። ግን ሰዉ አብሮ የሚያደርገው ነገር ያለበት ሙዚቃ ምን እንደሚሰራ ታያላችሁ።

በተቃራኒው ደግሞ ማሪያኖ ሪቬራ አለ፣ የኒውዮርክ ያንኪስ ክሎዘር፣ ማለት ጨዋታው ሊያልቅ ሲል የሚገባው ወርዋሪ። ከ1999 ጀምሮ የሜታሊካ (የሄቪ ሜታል ባንድ ነው) ኤንተር ሳንድማን ሲጀምር ተጋጣሚው ጉልበቱ ይርድ ነበር ይባላል፣ ሰውየው ግን አማኝ ነው፣ እንደዛ አይነት ሙዚቃ አይሰማም፣ ዘፈኑን የመረጡለት የስታዲየሙ ሰራተኞች ናቸው። እና አንዳንዴ ሌላ ሰው ቢመርጥም ይሰራል፣ ሪቬራ ከሆናችሁ።

ዘፈኑ ከታወቀ እርምጃውን ለኩ። ልጁን ኮሪደር ላይ ባት አስይዙት፣ ቀስ ብሎ ይራመድ፣ አንድ ሁለቴ ባቱን ያወዛውዝ፣ በስልካችሁ ሰዓት ያዙ። የኔው 11 ሰከንድ ሆነ። አሁን ዘፈኑ ውስጥ ያቺን ከ10 እስከ 12 ሰከንድ ፈልጉ፣ ከመጀመሪያው አትነሱ፣ አብዛኛውን ጊዜ ምርጧ ቦታ ከበሮው ከቆመ በኋላ ተመልሶ የሚገባባት ናት። የአማርኛ ዘፈን ካማራችሁ (እኔን አምሮኝ ነበር) መግቢያው ረጅም ስለሆነ ዘፋኙ አፉን ሳይከፍት ልጁ መትቶ ይጨርሳል፣ ስለዚህ ወይ ጭብጨባውና ከበሮው ያለበትን ወይ ሳክስፎኑን ውሰዱ። ጌታቸው መኩሪያ ሽለላን በሳክስፎን የተጫወተ ሰው ነው፣ ሽለላ ደግሞ መጀመሪያውኑ ለዚሁ የተሰራ ነገር እኮ ነው፣ ጀግና ሊገባ ሲል! ትዝታ ግን ይቅርባችሁ፣ ልጁ ባቱን ጥሎ ሊተክዝ ነው።

ቃላቱን ስሙ፣ እስከመጨረሻው። ስድብ ካለበት ክሊን ቨርዥን አለ፣ እሱንም በጆሮአችሁ አረጋግጡ፣ አንዳንዱ ክሊን የሚባለው ክሊን አይደለም። አማርኛ ነው ማንም አይሰማውም ብላችሁም አትለፉ፣ አያት ወንበሩ ላይ ቁጭ ብላለች።

መቁረጡ ቀላል ነው። ኮምፒውተር ላይ ኦዳሲቲ የሚባለው የድምፅ መቁረጫ ፕሮግራም ነፃ ነው፣ አይፎን ያለው ጋራዥ ባንድ ይበቃዋል። የምትፈልጓትን ቦታ ምልክት አድርጋችሁ ሌላውን አጥፉ፣ መጀመሪያዋ ልክ ምቱ ላይ ትጀምር፣ መጨረሻዋ ላይ 1 ሰከንድ ፌድ አውት (ድምፁ ቀስ እያለ እንዲጠፋ) ስጡ፣ አለበለዚያ ድንገት ቀጥ ሲል መብራት የጠፋ ይመስላል። የቡድኑን ልጆች ሁሉ የምትሰሩ ከሆነ ድምፁን እኩል አድርጉት፣ አንዱ ጮሆ አንዱ ሹክ እንዳይል። ኤምፒስሪ አድርጋችሁ ሴቭ ስታደርጉ ፋይሉን በማልያ ቁጥር ጀምሩ፣ 07 ምናምን ብላችሁ፣ ሜዳ ላይ በፀሀይ ስክሪን አይታይም፣ ስም ማንበብ አይሞከርም።

የሜዳው ቀን። ዘፈኖቹ ስልኩ ላይ ዳውንሎድ ይሁኑ፣ ከኢንተርኔት እየለቀቃችሁ ማስታወቂያ ከመጣ ልጁ በኢንሹራንስ ማስታወቂያ ነው የሚወጣው። ስፒከሩን በገመድ ብታገናኙት ይሻላል፣ ብሉቱዝ ከሆነ ዝም ብሎ ቆይቶ ሲነሳ የመጀመሪያዋን ግማሽ ሰከንድ የሚበላ አለ፣ ስለዚህ ፊቷ ላይ ትንሽ ፀጥታ ጨምሩበት። እና ስልኩን ኤርፕሌን ሞድ! እኔ ይሄን ረስቼ የመጀመሪያው ጨዋታ ላይ፣ የኔው ልጅ ተራ ሆኖ፣ ዘፈኑ 3 ሰከንድ እንደሄደ እናቴ ከአዲስ አበባ ደወለች፣ ጥሪው በስፒከሩ ሜዳውን ሞላው፣ ላጥፋው ብዬ ተደናግሬ አነሳሁት፣ "ሄሎ፣ ሄሎ፣ ይሰማል?" ስትል አምፓየሩ (ዳኛው) ሳይቀር ዞሮ አየኝ። ልጄ ያን ቀን መታ ግን። አሁን ቡድኑ ውስጥ ያሉት ፈረንጆች ሲያዩኝ ሄሎ ሄሎ ይሉኛል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ልጁ ሁለቴ ስትራይክ አውት ከሆነ፣ ማለት ኳሱን መምታት አቅቶት ከወጣ፣ ዘፈኑ ነው ቀይርልኝ ይላችኋል። ቀይሩለት፣ አሮጌውን ፋይል ግን ዲሊት እንዳታደርጉት፣ ሀሙስ ማታ መልስልኝ ብሎ ይመጣል።