ከማኅተም በፊት ቁልፍ
የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም የወጣቶች ክበብ ስጀምር መጀመሪያ የሮጥኩት ማኅተም ለማስቀረጽ ነበር። ሞኝነት! መጀመሪያ የሚፈለገው የቤት ቁልፍ ነው። የጋራ መገልገያ ቤቱን የሚይዘው የነዋሪዎች ኮሚቴ ስለሆነ ሰብሳቢያችንን ቡና ላይ አግኝቼ «ጋሼ፣ ቅዳሜ ከ8 እስከ 11 ሰዓት ብቻ ይስጡን» አልኳቸው። ከእድሩ ድንኳንና ወንበር ጋር ተጋፍተን ገባን። ለቅሶ ከመጣ የምንወጣው እኛ ነን፤ እናንተም ይህን ከጅምሩ ተስማሙ።

በ1996 የወጣው ብሔራዊ የወጣቶች ፖሊሲ ወጣት የሚለው ከ15 እስከ 29 ዓመት ያለውን ነው። እኛ በር ላይ ግን የ11 ዓመት ልጆችም ይሰለፋሉ። አታባርሯቸው፤ ሰዓታቸውን ለዩላቸው፣ የወላጅ ስልክ መዝግቡ። አንድ ልጅ ከአንድ መሪ ጋር ብቻውን አይቀርም፤ ሁልጊዜ ሁለት አዋቂ ይኑር።

ገንዘብ ላይ የተማርኩት ተቃጥዬ ነው። የመጀመሪያውን መዋጮ በራሴ ቦርሳ ይዤ ኳስ ገዛሁ፤ ደረሰኝ አልተቀበልኩም። ወሬው ከብሎክ ብሎክ ዞረ፣ ሁለት እናቶች ሰላምታ ነሱኝ። አሁን ገንዘብ ያዣችን የ17 ዓመት ልጅ ናት። ሂሳቡን በየወሩ ግድግዳ ላይ ትለጥፋለች፤ እኔንም ለ10 ብር ታፋጥጠኛለች።

ክረምት ላይ ትምህርት ስለሚዘጋ ቤቱ ይሞላል፣ ሜዳው ደግሞ ጭቃ ነው፤ ዳማና ቼዝ አዘጋጁ። መስከረም ሲጠባ ግማሹ ይጠፋል። የቀሩትን ስም ዝርዝር ይዛችሁ ያኔ ወደ ወረዳው ወጣቶችና ስፖርት ጽሕፈት ቤት ሂዱ። ማኅተሙም ያኔ ይደርሳል።