ለሬዲዮ ደውለው ስለ ጦርነትና ፖለቲካ ሲያወሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ድሬዳዋ ውስጥ ሬዲዮ ብቻህን አትሰማም። (ርዕሱ ላይ አንቱ ያልኩህ ለወጉ ነው። ከዚህ በኋላ የድሬ ሰው ነኝና አንተ፣ አንቺ እያልኩ ልቀጥል።) ባጃጁ ከፍቶታል፣ ሱቁ ከፍቶታል፣ ጎረቤት ከፍቶታል። ከከዚራ ሰፈር ተነስቼ የደቻቱን ወንዝ ተሻግሬ መጋላ እስክገባ የአንድ ደዋይ ንግግር አንድ ቃል ሳያመልጠኝ የሰማሁበት ቀን አለ። ሬዲዮ ግን አልያዝኩም ነበር።

ለጥቂት ዓመታት በአንድ ጣቢያ የአድማጭ ስልክ አነሳ ነበር። ስም እጠይቃለሁ፣ ሰፈር እጠይቃለሁ፣ ወደ ስቱዲዮ አስተላልፋለሁ። ጉዳዩ እግር ኳስ ከሆነ ቀላል ነው። ሽብር፣ ጦርነት፣ ስደት፣ ፖለቲካ ሲሆን ግን እጄን ያልበኝ ነበር። ከታች ያሉትን ስህተቶች የሰበሰብኩት እዚያ ተቀምጬ ነው። ቢያንስ ሦስቱን ራሴም ደውዬ ሠርቻቸዋለሁ።

ከሁሉም በፊት ግን ሬዲዮህን ቀንስ። ስትደውል አጠገብህ ያለው ሬዲዮ ከተከፈተ ድምፅህ ተመልሶ ይጮህብሃል፣ ያለህ ሁለት ደቂቃ «ሃሎ፣ ይሰማል?» በማለት ያልቃል። ይሄን ስንት ዓመት ስንናገር ኖርን!

«እነዚህ አሸባሪዎች…»

በብዛት የምሰማው ስህተት ይሄ ነው። ደዋዩ የማይወደው ቡድን አለ። ስሙን ሳይጠራ «አሸባሪ» ብሎ ይጀምራል። አፋችን ላይ ቃሉ ስድብ ሆኗል። በሕግ ግን አንድን ድርጅት አሸባሪ ብሎ የሚሰይመው ፓርላማው ነው፣ ሐሳቡ የሚመጣለትም ከሚኒስትሮች ምክር ቤት ነው። መዝገቡ ደግሞ ይለዋወጣል።

ሰኔ 2003 ላይ አምስት ድርጅቶች ተሰየሙ፦ አልቃይዳ፣ አልሸባብ፣ ኦነግ፣ ኦብነግ እና ግንቦት 7። በሰባተኛው ዓመት፣ ሰኔ 2010 ላይ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስቱ ተሰረዙ። ብዙም ሳይቆይ የግንቦት 7 እና የኦነግ መሪዎች አዲስ አበባ ሲገቡ ሕዝብ ወጥቶ ተቀበላቸው። ሚያዝያ 2013 ላይ ደግሞ ሕወሓትና «ሸኔ» ተሰየሙ። በ2003 ሌሎቹን ሲሰይም በነበረው መንግሥት ውስጥ ዋናው ሕወሓት እንደነበር ልብ በል። እሱም መጋቢት 2015 ላይ፣ ከፕሪቶሪያው ስምምነት አምስት ወር ገደማ በኋላ፣ ከመዝገቡ ወጣ።

እንግዲህ በ2009 «አሸባሪ» ብለህ የተሳደብክበትን ሰው በ2011 ቢሮ ውስጥ ልታገኘው ትችላለህ። አንዴ አንድ ደዋይ «አሸባሪው ድርጅት» እያለ ሲያወራ ቆየና አዘጋጁ «የትኛውን ነው? የተሰረዘውን ነው ወይስ ያለውን?» ብሎ ጠየቀው። ሰውዬው ዝም አለ። ከዚያ «ቆይ፣ ልጠይቅና እደውላለሁ» ብሎ ዘጋው።

የሚሻለው ድርጊቱን መናገር ነው። ሰው አገቱ፣ አውቶቡስ አቃጠሉ፣ ቦምብ ወረወሩ። ይሄ ከየትኛውም መዝገብ ጋር አይለዋወጥም። ቃሉን መጠቀም የግድ ከሆነ ቀኑን ጨምርበት፦ «ያኔ ፓርላማው አሸባሪ ብሎ ሰይሞት የነበረው» በል።

«ከታማኝ ምንጭ እንደሰማሁት…»

ታማኙ ምንጭ ብዙ ጊዜ የአክስት ልጅ ቴሌግራም ነው። ጦርነት ባለበት ሰሞን ሰው የሞተውን ቁጥር፣ ጦሩ የደረሰበትን ከተማ፣ የተያዘውን መሣሪያ በስልክ ሲዘረዝር የሚውል አለ። ቁጥሩ ከደዋይ ወደ ደዋይ ሲሄድ ዜሮ ይጨምራል እንጂ ሲቀንስ አይቼ አላውቅም።

አንድ ምሽት አንድ ሰው ደውሎ ወደ ጭሮ የሚወስደው መንገድ በተኩስ ተዘግቷል አለ። አስገባሁት። በማግስቱ ሲጣራ መንገዱን የዘጋው የተገለበጠ የጭነት መኪና ነበር። ግን እስኪጣራ መናኸሪያው ባዶ ሆነ፣ ከፊራ ላይ የሽንኩርት ዋጋ ዘለለ። ደዋዩ አልዋሸም፣ የነገሩትን ነው የተናገረው። ጥፋቱ የእኔም ነበር። «አይተሃል ወይስ ሰምተህ ነው?» ብዬ አልጠየቅኩትም። ከዚያ ወዲህ ይሄን ጥያቄ ከስም ቀድሜ እጠይቅ ነበር።

የቀንና የሰዓት ነገር

ትንሽ ይመስላል፣ ግን ስንት ሰው አጣልቷል። አንድ ወጣት ከኢንተርኔት አንብቦ «በ1977 ድሬ ላይ የተደረገው ጦርነት» አለ። ቀጥሎ የደወሉት እናት ተቆጡ። «በ77 ድርቅ ነበር እንጂ የምን ጦርነት? ታሪክ አታበላሹ!» ሁለቱም ልክ ናቸው። ልጁ የፈረንጁን ዓመት ሳይቀይር አነበበው፣ በእኛ 1969 ነው።

የኒውዮርኩን የመስከረም ጥቃትም እንዲሁ ነው። የመጀመሪያው አውሮፕላን ሕንጻውን ሲመታ እዚያ ጠዋት 2፡46 ነበር። እኛ ጋ ከቀኑ 9፡46 ነበር፣ መስከረም 1 ቀን 1994፣ በእንቁጣጣሹ ዕለት። አንድ ደዋይ «ጠዋት ቡና ሲፈላ ነው የሰማሁት» ሲል ሌላው «ውሸታም!» ብሎ ገባ። ለሩብ ሰዓት የተወራው ስለ ሽብር ሳይሆን ስለ ቡና ነበር።

«ስደተኛው ሁሉ ከተማውን ሞላው»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ድሬ ስደትን ከሩቅ የምታይ ከተማ አይደለችም። ከየገጠሩ የተነሱ ልጆች በዚህ አልፈው ወደ ጅቡቲ ይወርዳሉ፣ ከኦቦክ ጀልባ ይሳፈራሉ፣ ጦርነት ላይ ባለችው የመን በኩል ሳዑዲ ለመግባት። አንዳንዱ ባሕሩ ላይ ይቀራል። በ2006 ሳዑዲ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ150 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ በየሰፈሩ አንድ ተመላሽ ነበር ማለት ይቻላል።

የመጀመሪያው ስህተት ሁሉንም «ስደተኛ» ብሎ መጥራት ነው። ከጦርነት ወይም ከአሳዳጅ ሸሽቶ የሌላ አገር ድንበር የተሻገረ ስደተኛ ነው። ሥራ ፍለጋ ድንበር የሚሻገረው ፍልሰተኛ ነው። በገዛ አገሩ ውስጥ ከቤቱ የተባረረው ተፈናቃይ ነው። በ2010 ከሶማሌ ክልል የተፈናቀሉ ኦሮሞዎች ሐረር አጠገብ ሐማሬሳ ላይ ሰፍረው ሳሉ አንድ ደዋይ «እነዚያ ስደተኞች» አላቸው። ወዲያው አንድ ሰው ከዚያው መጠለያ ደወለ። «እኔ ኢትዮጵያዊ ነኝ። ከየት አገር ነው ወደየት የተሰደድኩት?» አለ። አዘጋጁ መልስ አልነበረውም። እኔም አልነበረኝም።

ሁለተኛው «መጤ» ማለት ነው። አቦ፣ ድሬ ላይ ይሄን ቃል ለመናገር ድፍረት ይጠይቃል! ቦታው ድሮም ኦሮሞና ሶማሌ ከብት የሚያሰማሩበት ነበር። ከተማው ግን የቆመው በ1895 ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ እዚህ ሲደርስ ነው። ግሪኩም፣ አርመኑም፣ የመኑም፣ ሕንዱም፣ ከመሀል አገር የመጣው የእኔ አያትም ሐዲዱን ተከትለው ነው የመጡት። «መጤ» ብሎ የሚደውለው ሰው አያቱ በስንት ሰዓት ባቡር እንደገቡ ቢጠየቅ ደስ ይለኛል።

ሦስተኛው «ምን ጎደለባቸውና ሄዱ?» የሚለው ነው። ሚያዝያ 2007 ላይ አይኤስ ሊቢያ ውስጥ ኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖችን ገድሎ ቪዲዮውን በለቀቀ ሰሞን ይሄንን የሚሉ ነበሩ። እናቶች ጥቁር ለብሰው ሬዲዮ እየሰሙ! በዚያው ሰሞን ሌላ ጥፋትም ነበር። ገዳዮቹን ትቶ ጎረቤቱን ሙስሊም «ምን ትላላችሁ?» ብሎ መጠየቅ። ጎረቤቱ ምን እንዲል ነው የተፈለገው? ለቅሶ ቤቱ ውስጥ እኮ አብሮ ተቀምጧል።

«ስንት ተከፍሎህ ነው?»

ይሄ አጭር ነው። የተናገረውን መልስለት፣ ኪሱን ተወው። ገንዘብ እንደተቀበለ ማስረጃ ካለህ ፖሊስ ጋ ሂድ። ከሌለህ ምንም አልተናገርክም፣ የሰው ስም ብቻ አጥፍተሃል።

በዚህ አጋጣሚ ስለ ምርቃና ልናገር፣ አትቀየሙኝ። ከ9 ሰዓት በኋላ የሚመጣው ስልክ ይለያል። በርጫ ላይ የተቀመጠ ሰው የመካከለኛው ምሥራቅን ጦርነት በአራት ደቂቃ ያስቆማል፣ ድንበር ያካልላል፣ ሚኒስትር ይሾማል። ሐሳቡ አንዳንዴ ግሩም ነው፣ አልክድም። ግን ጠዋት ላይ ሰውዬው ራሱ አያስታውሰውም፣ የሰደበው ሰው ግን ያስታውሳል። ሐሳቡን ጻፈውና ነገ ደውል።

«የአድማጭ አስተያየት እንጂ የጣቢያው አቋም አይደለም»

ይሄኛው የአዘጋጆች ስህተት ነው። ዓረፍተ ነገሩ ጥሩ ነው፣ ግን ጃንጥላ አይሆንም። በሩዋንዳው እልቂት ጊዜ ሲቀሰቅስ የነበረው የኤርቴኤልኤም ሬዲዮ መሥራቾች በ1996 አሩሻ ላይ ተፈርዶባቸዋል። በእኛም አገር በ2012 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185 ለጥላቻ ንግግር እስከ ሁለት ዓመት እስራት ወይም እስከ 100 ሺህ ብር ቅጣት አስቀምጧል።

ሕጉን ተወው ብንል እንኳ፣ ደዋዩ አንድን ብሔር ወይም ሃይማኖት በጅምላ ሲሳደብ ዝም ብሎ «እሺ፣ እናመሰግናለን» ማለት የተስማማህ ያስመስላል። አቋርጠህ «ማንን ማለትህ ነው? ግለሰቡን ነው ሕዝቡን?» በለው። ብዙው ሰው እዚያው ያርማል። የማያርመውን መስመሩን ዝጋው። «ኔትወርክ ተቋረጠ» ማለትም ይቻላል፣ ድሬ ላይ ይሄን የማያምን የለም።

«ሶማሌ ሲወረን…»

የመጨረሻው የእኛው የምሥራቆቹ ነው። በ1969 ክረምት የዚያድ ባሬ ጦር ድንበር ጥሶ ገባ። ነሐሴ ላይ ድሬ ጫፍ ደርሶ ተመለሰ፣ መስከረም 1970 ጅጅጋን ያዘ፣ ሐረርንም ከበበ፣ የካቲት 26 ቀን 1970 ካራማራ ላይ ተሸነፈ። ያን ጊዜ ያዩ ሽማግሌዎች ሲደውሉ ደስ ይለኛል። ችግሩ አጀማመራቸው ነው፦ «ሶማሌ ሲወረን…»።

ሶማሊያ አገር ናት። ሶማሌ ሕዝብ ነው፣ እኩሌታው ጎረቤትህ ነው። የወረረው የሶማሊያ ጦር ነው። ልዩነቱ ሁለት ፊደል ነው፣ ግን የሚሰማው ሰው ሌላ ነው።

አንድ ቅዳሜ አንድ አባት ደውለው እንደዚሁ ጀመሩ። አዘጋጇ «አባባ፣ የዚያድ ባሬ ጦር ማለትዎ ነው?» አለቻቸው። «አቦ፣ ያው ነው!» አሉና ቀጠሉ። ተኩሱን፣ ጨለማውን፣ በደቻቱ በኩል ቤተሰብ ይዘው የሮጡበትን ሌሊት አወሩ። ሲጨርሱ ሌላ መስመር ላይ አንዲት ሴት ነበረች፣ አስገባኋት።

«አባባ፣ እኔ ሶማሌ ነኝ» አለች። «ያን ክረምት ስድስት ዓመቴ ነበር። ሆዮ፣ እናቴ፣ አልጋ ሥር አስገብታን ነበር። እኔንም ነው የወረሩኝ።» ሌላ አልጨመረችም፣ ዘጋችው።

ሙዚቃ ገባ። ወዲያው ስልኩ ጠራ፣ እሳቸው ናቸው። ወደ ስቱዲዮ ላስገባዎት ወይ አልኳቸው። አልፈለጉም።

«የማን ልጅ ናት?» አሉኝ።