መሮው ጠንክሯል? ሞረዱን ጠይቁት

ከአሮጌ የመኪና ባሌስትራ መሮ ለሚሠራ ሰው ዋናው ጥያቄ «ጠነከረ ወይ?» ነው። የጥንካሬ መለኪያ ማሽን የሌለው ጋራዥ ይበዛል። ግን አዲስ፣ ጥርሱ ያልሞተ ሞረድ ካለ ይበቃል።

መጀመሪያ ጫፉን ከሰል ውስጥ አግሉት። ቀይ ሲሆን ማግኔት አስጠጉ፤ ማግኔቱ መያዝ ካቆመ 770 ዲግሪ ገደማ ደርሷል። ትንሽ ጨምሩበትና ሞቅ ባለ የምግብ ዘይት ውስጥ ንከሩት። ውሃ ይቅር፣ ባሌስትራ በውሃ ሊሰነጠቅ ይችላል። ዘይቱ እሳት ሊይዝ ስለሚችል ዕቃው የብረት ይሁን፣ ክዳኑም አጠገባችሁ ይቀመጥ። በመዶሻ የሚመታውን ጭንቅላት እንዳታጠነክሩ አደራ! ጠንካራ ጭንቅላት ሲመታ ስባሪው ዓይን ውስጥ ይገባል።

አሁን ሞረዱ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ከእሳት የወጣ ብረት ጥቁር ቅርፊት ይይዛል፣ ከቅርፊቱ ሥር ደግሞ እሳቱ ካርቦኑን የወሰደበት ስስ ለስላሳ ሽፋን ሊኖር ይችላል፤ ሞረዱ ይህን ሽፋን ሲፍቀው «አልጠነከረም» ይባልና ብረቱ ተመልሶ እሳት ይገባል፣ ጭራሽ ሌላ ካርቦን ያጣል። እኔም አንድ ደህና መሮ እንዲህ ሦስቴ እያጋልኩ አበላሽቻለሁ። ስለዚህ ቅርፊቱን በድንጋይ ፍቃችሁ የሚያበራውን ብረት አውጡና እዚያ ላይ ሞረዱን ሳትጫኑ ግፉት። መስታወት ላይ እንደሚሄድ ከተንሸራተተ ጠንክሯል። ከሞረደው አልጠነከረም።

ግን እንዲህ እንዳለ ከመታችሁት ይሰበራል። የተፈቀፈቀውን ቦታ እያያችሁ ከጀርባ በኩል ቀስ ብላችሁ አሙቁት። መጀመሪያ የጭድ ቀለም ይመጣል፣ ቀጥሎ ቡናማ፣ ከዚያ ወይን ጠጅ፣ 300 ዲግሪ አካባቢ ሰማያዊ። ለብረት መቁረጫ መሮ ስለቱ ጋ ወይን ጠጁ ሲደርስ አቁሙ። እንደገና ሞክሩት፤ ሞረዱ አሁን በግድ ትንሽ ይይዛል፣ የምንፈልገውም እሱን ነው። በኋላ በግራይንደር ስትስሉት ስለቱ ሰማያዊ እንዳይሆን ቶሎ ቶሎ ውሃ ንከሩት፣ አለበለዚያ ድካማችሁ በአንድ ደቂቃ ይለሰልሳል።

ፌሮን በዚህ መንገድ ለማጠንከር አትድከሙ፤ ካርቦኑ ትንሽ ነው። የታሸገ ዕቃ ውስጥ ከከሰል ዱቄት ጋር 900 ዲግሪ ገደማ ለሰዓታት አቆይታችሁ ከነከራችሁት ግን ላዩ ብቻ ይጠነክራል። እንዲህ ያለውን ዕቃ ላብራቶሪ ካስለካችሁት ሽፋኑ ስስ መሆኑን ንገሯቸው። ሮክዌል ሲ የሚባለው የጥንካሬ መለኪያ የአልማዝ ሾጣጣውን በ150 ኪሎ ጭነት ስለሚጫነው ስስ ሽፋን አይችለውም፤ ሾጣጣው የውስጡን ለስላሳ ብረት ያገኝና ቁጥሩ ዝቅ ይላል። በትንሽ ጭነት የሚለካውን፣ ቪከርስ የሚባለውን የጥንካሬ መለኪያ ጠይቁ።