የተዋናይን የኢንተርኔት የሕይወት ታሪክ እንዴት እናጣራ?

ጽሑፉን እንዳለ ይዞ «ይህ እውነት ነው ወይስ ውሸት?» ማለት የትም አያደርስም። መጀመሪያ በትኑት፦ የልደት ቀን፣ የትውልድ ቦታ፣ የልደት ስም፣ ትምህርት፣ የፊልሞች ዝርዝር፣ ሽልማት፣ ትዳር። እያንዳንዱን ለብቻው በአንድ መስመር ጻፉና ከጎኑ «መጀመሪያ ይህን የተናገረው ማነው?» ለሚለው ጥያቄ ቦታ ተዉ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ገጽ ሲቆጥር ነው። አንድ የልደት ቀን አሥር ድረ ገጽ ላይ ቢገኝና ዘጠኙ ከአንዱ ገልብጠው ቢሆን ምስክሩ ያው አንድ ነው። ከዚህ የባሰም አለ። አንድ ሰው ያለ ምንጭ ዊኪፔዲያ ላይ ይጽፋል፤ ጋዜጠኛ ከዚያ ይወስዳል፤ ቆይቶ የጋዜጠኛው ጽሑፍ ለዚያው ለዊኪፔዲያ ገጽ ማስረጃ ሆኖ ይጠቀሳል። ይህን ለመያዝ የገጹን የለውጥ ታሪክ ክፈቱና መረጃው የገባበትን ቀን ማስረጃው ከታተመበት ቀን ጋር አስተያዩ። ማስረጃው ዘግይቶ የወጣ ከሆነ ጸሐፊው ከየት እንዳገኘው እስኪታወቅ ድረስ አትቁጠሩት።

የማስረጃው ማስፈንጠሪያ (ሊንክ) ከሞተ አድራሻውን ዌይባክ ማሽን በተባለው የድረ ገጾችን የቆዩ ቅጂዎች የሚያስቀምጥ አገልግሎት ውስጥ አስገቡ፤ የቆየ ቅጂ ሊኖር ይችላል። ሲከፈትላችሁ ርዕሱን አይታችሁ አትለፉ፣ እስከ መጨረሻው አንብቡ። ለልደት ቀን የተጠቀሰ ጽሑፍ ስለ ልደት አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ሲቀር ማየት የተለመደ ነው።

አይኤምዲቢን (IMDb)፣ የፊልምና የተዋናዮች መረጃ የሚሰበስበውን ድረ ገጽ፣ ለፍንጭ ተጠቀሙበት። አብዛኛው መረጃ ከተጠቃሚዎች የሚላክ ስለሆነ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ተዋናዩ በፊልሙ መሥራቱን የሚያረጋግጠው በፊልሙ መጨረሻ የሚያልፈው የስም ዝርዝር ነው። እዚያም ስም ሊመሳሰል ይችላል። ማይክል ኪተን የልደት ስሙ ማይክል ዳግላስ ነው፤ በዚያ ስም የሚታወቅ ሌላ ተዋናይ ስለነበረ ለሥራው ስም ቀየረ። ስለዚህ ከስሙ ጋር የሥራውን ዘመንና ፎቶውን አመሳክሩ።

ዕድሜና የትውልድ ቦታ ላይ ከሁሉም በላይ ተጠራጠሩ፤ ለመዋሸት ምክንያት ያለው እዚህ ነው። ተዋናይዋ መርል ኦበሮን አውስትራሊያ ውስጥ፣ ታዝማኒያ እንደተወለደች ለዓመታት ሲነገር ኖሯል፤ የተወለደችው ግን ሕንድ ውስጥ፣ ቦምቤይ ነው፣ በ1911 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ታሪኩ የተፈጠረው ለማስታወቂያ ነበር፤ እውነቱ በሰፊው የታወቀውም በ1979 ከሞተች በኋላ ነው። ስለዚህ የወኪል መግለጫና የፊልም ኩባንያ ጽሑፍ የቱንም ያህል ቢያረጅ ያው ማስታወቂያ ነው። ቃለ መጠይቅም ተዋናዩ ስለ ሥራው ምን እንደሚያስብ ለማወቅ ይጠቅማል እንጂ ለዕድሜው ደካማ ምስክር ነው።

ዓመት ሲጋጭ ቶሎ ስህተት አትበሉ። «ዘ ኸርት ሎከር» የተባለው ፊልም በ2008 በቬኒስ ፌስቲቫል ታየ፣ አሜሪካ ውስጥ በ2009 ለሲኒማ ወጣ፣ ኦስካር ያገኘው ደግሞ በመጋቢት 2010 በተካሄደው ሥነ ሥርዓት ነው። ሦስቱም ቁጥሮች ትክክል ናቸው፤ የሚጎድለው ዓመቱ የምን እንደሆነ መጻፍ ብቻ ነው። ሽልማትን ከሰጪው ተቋም መዝገብ አረጋግጡ፤ ኦስካር ከሆነ ሽልማቱን የሚሰጠው አካዳሚ ራሱ የሚፈለግበት የመረጃ ቋት አለው። «እጩ» የነበረው «አሸናፊ» ሆኖ፣ ወይም ፊልሙ ያገኘው ሽልማት ለተዋናዩ ተሰጥቶ የምታገኙት እዚህ ነው።

ስለ ሕመም፣ ስለ ፍቺ ወይም ስለ ወንጀል የተጻፈ ነገር ጠንካራ ምንጭ ከሌለው «ይባላል» ብሎ ማለስለስ አይበቃም፤ ይውጣ። ሁለት ጥሩ ምንጮች በልደት ዓመት ካልተስማሙ ግን አንዱን መርጣችሁ ሌላውን አትደብቁ። ሁለቱንም ዓመት ጻፉና የትኛውን ማን እንዳለ አጠገቡ አስቀምጡ።