የሠራተኛ ቤተሰብን የምግብና የኑሮ ታሪክ እንዴት መመዝገብ ይቻላል?

በደመወዝ ወይም በቀን ሥራ የኖረ ቤተሰብ ምግቡና አኗኗሩ ከአያት እስከ ልጅ ልጅ እንዴት እንደተለወጠ ለመመዝገብ የሚነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ «ድሮ ምን ትበሉ ነበር?» ብሎ ይጀምራል። ጥያቄው ቀና ቢሆንም መልሱ የበዓልና የድግስ ምግብ ይሆናል፤ ሰው ከሌሎቹ ቀናት የተለየውን ቀን ነውና አጥርቶ የሚያስታውሰው። በምትኩ ምግብ ታበስል የነበረችውን ሴት «ደመወዝ ሊወጣ ሦስት ቀን ሲቀረው ለራት ምን ያቀርቡ ነበር?» ብለው ይጠይቋት። ያን ጊዜ ወጡ በምን ያህል ውኃ እንደቀጠነ፣ ከጎረቤት ምን እንደተበደረችና ማን «በልቻለሁ» ብሎ ከገበታው እንደራቀ ትነግርዎታለች። የኑሮው እውነት ያለው በእነዚያ የመጨረሻ ቀናት ነው።

ቀጥሎ ወጪውን ይጠይቁ፤ የሚፈልጉት ግን ዋጋውን ብቻ ሳይሆን ድርሻውንም ነው። ጀርመናዊው የስታቲስቲክስ ሊቅ ኤርንስት ኤንግል የቤልጂየም ሠራተኛ ቤተሰቦችን የወጪ መዝገብ መርምሮ፣ የቤተሰብ ገቢ ባደገ ቁጥር ለምግብ የሚውለው ድርሻ እንደሚቀንስ እ.ኤ.አ. በ1857 አሳይቷል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ዐሥርት ዓመት ከወር ገቢው ስንት እጁ ለምግብ፣ ስንት እጁ ለቤት ኪራይ እንደዋለ በግምትም ቢሆን ይጻፉ። የድሮ ዋጋ ለዛሬ አንባቢ ርካሽ መስሎ ስለሚታይ፣ አንድ ኪሎ ዱቄት ለመግዛት ስንት ሰዓት መሥራት ያስፈልግ እንደነበር አስልቶ ማስቀመጥ ከሁሉ የተሻለ ማነጻጸሪያ ነው።

ከዚያ የሚመጣው ጥያቄ ብዙዎች በይሉኝታ የሚያልፉት ነው፤ ማን ቀድሞ በላ፣ ማንስ የተረፈውን በላ? እ.ኤ.አ. ከ1909 እስከ 1913 በለንደን ላምቤዝ ሰፈር የሴቶች መብት ተሟጋቿ ሞድ ፔምበር ሪቭስና ባልደረቦቿ የሠራተኛ ሚስቶችን በየሳምንቱ እየጎበኙ ወጪያቸውን ሲያስመዘግቡ፣ ሥጋው በአብዛኛው ለአባት እንደሚቀርብ፣ እናትና ልጆች ግን በዳቦና በድንች ይበልጥ እንደሚኖሩ ታዝበዋል። አባት ጉልበቱ ከደከመ የሁሉም እንጀራ ስለሚቋረጥ ክፍፍሉ ከጭካኔ የመነጨ አልነበረም፤ ይሁን እንጂ የእናትን ጤና ይጎዳ ነበር። «ቤተሰቡ በሳምንት አንድ ቀን ሥጋ ይበላ ነበር» የሚል መዝገብ ማን ምን ያህል እንደደረሰው ካልነገረን ጎዶሎ ነው።

ምግቡ ላይ ብቻ እንዳይቆሙ። ውኃ ከየት ይቀዳ ነበር፣ ማገዶው ምን ነበር፣ የመጀመሪያው ማቀዝቀዣ ቤት የገባው መቼ ነው? ማቀዝቀዣ ወይም የቧንቧ ውኃ ሲገባ በየቀኑ ገበያ መውጣትና ውኃ መሸከም ስለሚቀር፣ የተረፈው ሰዓት ለማን እንደዋለ ይጠይቁ። እናትየው ደመወዝተኛ ሆና ከሆነ ደግሞ፣ ምድጃውን ማን እንደተረከበና ተዘጋጅቶ የሚሸጥ ምግብ ከዚያ በኋላ ምን ያህል እንደበዛ አብሮ መታወቅ አለበት።

ዓመተ ምሕረቱን ለትዝታ ብቻ አይተዉት። ለምሳሌ በብሪታንያ ምግብ በራሽን መታደል የጀመረው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1940 ሲሆን፣ ፈጽሞ የቀረው በ1954 ነው፤ ዳቦ ግን በጦርነቱ ዘመን ያለ ራሽን ሲሸጥ ቆይቶ፣ በራሽን የታደለው ሰላም ከወረደ በኋላ፣ ከ1946 እስከ 1948 ነበር። ችግሩን ሁሉ በጦርነቱ ዓመታት ላይ የሚከምር ተራኪ ሳያውቀው ሊሳሳት ይችላል። ስለዚህ እያንዳንዱን ትዝታ ከልጅ መወለድ፣ ከቤት መቀየር ወይም ከሥራ መባረር ጋር አያይዘው ዘመኑን ይወስኑ። የዱቤ ደብተር፣ የደመወዝ ወረቀትና የኪራይ ደረሰኝ ከተገኙ ፎቶግራፍ አንሥተው ያስቀምጡ።

እኅትማማቾች ስለ አንድ ገበታ የተለያየ ነገር ቢነግሩዎት ለማስታረቅ አይሞክሩ። ታላቂቱ በችግሩ ዓመት፣ ታናሺቱ በተሻለው ዓመት አድገው ሊሆን ስለሚችል፣ ሁለቱንም ቃል ከየዕድሜያቸው ጋር ይጻፉ። ጽሑፉ ሲያልቅ ለተናጋሪዎቹ አንብቡላቸው፤ ከቤተሰቡ ውጭ እንዲወጣ የማይፈልጉት ነገር ካለም ለሌላ ሰው ከማሳየትዎ በፊት ያውጡት።